ትምህርት ቤት ለመክፈት ምን ተጠየቀ? የፈቃድ ታሪክ ከጎንደር ጉባኤ ቤቶች እስከ መተማ ቆላ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የታሪክ ሳይሆን የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል። ትምህርት ቤት እከፍታለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ወይም ማኅበረሰብ ፈቃድ ለማግኘት ምን ምን እንዲያሟላ ይጠየቃል? የሚል ነው። የታሪክ ተማሪ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለቢሮ ሠራተኛ ብቻ ሊተወው አይገባም። ፈቃድ ሰጪው የሚጠይቀው ጥያቄ ዘመኑ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ይናገራልና። የማቀርበው ክርክር አጭር ነው፤ በአገራችን የትምህርት ቤት ፈቃድ ከዘመን ዘመን ጥያቄውን ሲለዋውጥ ቆይቷል፤ ፈቃድ በሁለት ወገን ያለ ውል መሆኑ ግን እየተረሳ ሄዷል። ጠያቂው ግዴታ አለበት፤ ሰጪውም አለበት። ይህ መረሳቱ ከሁሉ የከፋ ዋጋ የሚያስከፍለው እንደ መተማ ባሉ የጠረፍ ቆላዎች ነው።

መተማን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን የፈቃድ መጠባበቂያ በር ሆና ኖራለች። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በዚያው የቀሩት ተክሩሮች ያቀኗት ገበያ ስትሆን፣ ሼኾቿ አንድ ጊዜ ለግብፅ፣ አንድ ጊዜ ለኢትዮጵያ፣ አንዳንዴም ለሁለቱም ይገብሩ ነበር። ከሱዳን ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴም ሆነ ሚሲዮናዊ በእርሷ ያልፋል። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከዐፄ ቴዎድሮስ መልስ ፍለጋ ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ በመጨረሻ የገባው በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ደርሶ በዚያው መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ያገኘው በጥር ወር ነበር። ስለዚህ ስለ ፈቃድ ታሪክ ስናወራ መተማ ዳር ያለች ምሳሌ ሳትሆን መካከለኛ ቦታ ናት።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ የውጭ ማነጻጸሪያ ላስቀምጥ። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት በ1991 እ.ኤ.አ. «ቻርተር ትምህርት ቤት» የሚባለውን ዓይነት የሚፈቅድ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በተከታዩም ዓመት በሴንት ፖል ከተማ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሠራሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ መምህራን ወይም ወላጆች ተሰባስበው ለፈቃድ ሰጪ አካል ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ከተስማሙ ውል ይፈራረማሉ። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ክፍያ አይቀበልም፤ በተማሪው ቁጥር ልክ የመንግሥት ገንዘብ ያገኛል፤ በአስተዳደሩ ረገድ ሰፊ ነጻነት ይሰጠዋል። በምላሹ በውሉ ላይ የተጻፈውን ውጤት ካላስገኘ ውሉ አይታደስም፤ ይዘጋል። በዚህ አሠራር ላይ በአሜሪካም ብርቱ ክርክር አለ፤ ዛሬ ዳኛ ልሆንለት አልተነሣሁም። የምፈልገው ከቃሉ ውስጥ አንዱን ፍሬ ነው። ቻርተር ማለት ውል ነው፤ ውል ደግሞ ሁለት ፈራሚ አለው። በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት የተለመደ ባይሆንም፣ ውሉ ግን ለታሪካችን እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ማን መሰከረልህ?

በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት የጸናው የትምህርት ሥርዓት ፈቃድ ነበረው። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለ ደንብና ያለ ቁጥጥር የተስፋፋ ተደርጎ ስለሚነገር ነው። አንድ ደቀ መዝሙር ጉባኤ ዘርግቶ ለማስተማር በመምህሩ ፊት ዕውቀቱን ማስመስከር ነበረበት። ድጓን ያጠና ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ያጠና ወደ ዙር አምባ ሄዶ ያስመሰክራል። እዚያ ያልተመሰከረለት ሰው ድምፁ ቢያምርም፣ ወንበር ቢዘረጋም፣ ሊቃውንቱ መምህር ብለው አይቀበሉትም። በእስልምናውም ትምህርት የ«ኢጃዛ» ሥርዓት ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ አንድን ኪታብ ለማስተማር መብት የሚሰጠው ያንኑ ኪታብ ከሼኹ ፊት ቀርቶ የጨረሰ ነው። በመተማ ገበያ ቁርኣን የሚያቀራ ፈቂህም፣ በጭልጋ ደጋ ፊደል የሚያስቆጥር የኔታም፣ ፈቃዳቸው ከአስተማሪያቸው አፍ የመጣ ነበር።

የዚህ ሥርዓት ጠባይ ግልጽ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለሰው ነው፤ ለሕንፃ አይደለም። ቤቱ ጎጆ ይሁን ዛፍ ጥላ የሚጠይቅ የለም። ይህ ጠባይ ምን ያህል ብርታት እንዳለው የታየው በጥር 1880 ዓ.ም. የሐምዳን አቡ ዓንጃ ጦር በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን በያዘ ጊዜ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝቡ ተማረከ፣ ተሰደደ። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። ሆኖም የጎንደር ትምህርት አልጠፋም። ደብሩ ቢቃጠልም ዜማው በመምህሩ ቃል ውስጥ ነበረና መምህሩ በተቀመጠበት ጉባኤው እንደገና ሊቆም ቻለ። ድካሙም አለ፤ ሴቶችን በአብዛኛው አላቀፈም፣ ከእምነቱ ውጭ ላለ ልጅ በር አልነበረውም። ብርታቱን ስናይ ድካሙን መሸፈን የለብንም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ለማን ታገለግላለህ?

የውጭ ሰዎች ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲመጡ ጥያቄው ተለወጠ። በ1848 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም በአቡነ ጎባት የተላኩት ምእመናን ሚሲዮናውያን የገቡት በእጅ ሙያ ባለቤትነታቸው ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰባኪ ይልቅ ሠሪ ይፈልጉ ነበር። ጋፋት ላይ ሰፍረው ወጣቶች ሙያ እንዲማሩባቸው ተደረገ። ያው ጋፋት ኋላ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት ነው። በ1852 ዓ.ም. ደግሞ ሄንሪ ስተርን ለቤተ እስራኤል ለማስተማር ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ንጉሡና አቡነ ሰላማ የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ የሚያምኑት ሰዎች የሚጠመቁት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በሌላ አይደለም። የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮንም ከግብፅ እስከ ኢትዮጵያ ሊዘረጋ ያሰበው የጣቢያዎች ሰንሰለት አንዱን መቆሚያ ያኖረው መተማ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ውሉን በግልጽ እናየዋለን። ንጉሡ ቦታ፣ ጥበቃና ተማሪ ይሰጣሉ፤ ሚሲዮናዊው ሙያ ያስተምራል፣ የአገሩን እምነት አይነካም። ውሉ በወረቀት ያልታሰረና በአንድ ሰው ፈቃድ የቆመ ስለነበር ግን ከንጉሡ ቁጣ የሚተርፍ አልሆነም። ስተርን በ1856 ዓ.ም. በእስር ላይ ነበር። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ውል መኖሩ መልካም ነው፣ ውሉን የሚዳኝ ሕግ ከሌለ ግን ትምህርት ቤት በአንድ ጀንበር ይፈርሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የት ነህ? በምን ቋንቋ ታስተምራለህ?

በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት ድንበሩን ሲያስቀምጥ፣ ለዘመናት አንድ ገበያ የነበረው ሥፍራ ሁለት ከተማ ሆነ፤ ጋላባት በሱዳን፣ መተማ በኢትዮጵያ። በአዲስ አበባም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ ቅብጣውያን መምህራን ሥራውን ጀመረ። መምህራኑ ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጡ የተደረገው የሊቀ ጳጳሱን የአቡነ ማቴዎስን ስጋት ለማብረድ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ይህ ሁሉ ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በተጻፈ ሕግ መልክ ያዘ።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፈለ፤ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» እና «ክፍት ክልል»። በመጀመሪያው ክልል ሚሲዮን ሃይማኖት ሳይሰብክ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ በሁለተኛው እምነቱንም ሊያስተምር ይችላል። በሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። የማስተማሪያ ቋንቋ በአጠቃላይ አማርኛ እንዲሆን፣ የአካባቢው ቋንቋ ደግሞ በመነሻው ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል ተደነገገ። አሁን የመተማን ቆላ በዚህ ካርታ ላይ አስቀምጡት። በጠቅላይ ግዛት ደረጃ ከጎንደር ደጋ ጋር ይቆጠራል፤ በሕዝቡ ግን አማርኛ፣ ጉሙዝኛና ዓረብኛ የሚሰማበት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚገበያዩበት ነው። ክልልን በሁለት ቀለም የከፈለ ደንብ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆን ሦስተኛ ቀለም አልነበረውም።

በ1940 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጣ፤ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ፤ በየጠቅላይ ግዛቱም የትምህርት ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ። ይህን አዋጅ ብዙ ጊዜ የምናልፈው የግብር ታሪክ አድርገን ነው። እኔ ግን የውል ታሪክ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ባላገሩ ከፋይ ሆነ፣ ከፋይ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። በተግባር ድምፁ በባለሥልጣናትና በባላባቶች ተውጦ ቀረ እንጂ፣ ሐሳቡ በሕግ ውስጥ ተዘርቶ ነበር።

አራተኛው ጥያቄ፦ የማን ንብረት ነህ?

ደርግ በ1967/68 ዓ.ም. የግል ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ የሕዝብ ንብረት አደረገ። ለልጁ ጥራት ያለው ትምህርት በገንዘብ ልክ መከፋፈሉ ትክክል አይደለም የሚለው ምክንያት ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ብዙ የደሃ ልጆችም በሩ ተከፍቶላቸዋል። በውል ዓይን ሲታይ ግን አንድ ነገር ተሰበረ። መንግሥት ራሱ የሰጠውን ፈቃድ በአንድ አዋጅ ሲሽር፣ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት መክፈት የሚያስብ ሁሉ ልፋቱ ነገ የሌላ እንደሚሆን ተማረ። ከዚያ ለተከተሉት ዓመታት የግል ጥረት የቀዘቀዘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያው ዘመን ግን ተቃራኒ ምስክር አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሕንፃ መስፈርት አልጠየቀም። ዛፍ ሥር፣ ዳስ ውስጥ፣ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ አስተማረ፤ በሂደትም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ። ዘመቻው የፖለቲካ መሣሪያ እንደነበረ አይካድም። ሆኖም መንግሥት ሲፈልግ የሕንፃን ጥያቄ ወደ ኋላ ትቶ የአስተማሪና የተማሪን ጥያቄ ማስቀደም እንደሚችል አሳይቷል።

አምስተኛው ጥያቄ፦ ምን አለህ?

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የግል ትምህርት ቤት እንደገና ተፈቀደ፤ በ1987 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የግል ትምህርት ተቋማትን የፈቃድ አሰጣጥና ቁጥጥር የሚመለከት ደንብ አወጣ። ሥልጣኑም ወደ ክልል ትምህርት ቢሮዎችና በእነርሱም በኩል ወደ ዞንና ወረዳ ወረደ። ዛሬ ፈቃድ ጠያቂ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የክፍሎች ስፋት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ በጾታ የተለየ መጸዳጃ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ብቃቱ የተመሰከረለት መምህር፣ በቂ ገንዘብ እንዳለው እንዲያሳይ ይጠየቃል። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። ከእነዚህ አንዱንም አላቃልልም፤ መጸዳጃ የሌለው ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ሴት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል።

ነገር ግን ሚዛኑን እንመልከት። ከዝርዝሩ አብዛኛው ያለህን ይጠይቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የቆላ ቀበሌ የመጡ ሽማግሌዎች የመስፈርቱን ቅጽ ይዘው ወደ ቢሮዬ መጥተው ነበር። ራሳቸው ዳስ ጥለው፣ ከመካከላቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት መርጠው ሕፃናት ማስቆጠር ጀምረዋል፤ ዳሱ በሕግ እንዲታወቅላቸው ይፈልጋሉ። ቅጹን አብረን ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። ከጨረስን በኋላ አንደኛው፣ «ዶክተር፣ ይህ ወረቀት ስለ ቤቱ ብዙ ጠየቀን፤ ቤቱን ባንሠራ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱስ የሚጠይቀው የት ላይ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ለአንድ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ክስ አይደለም፤ ጽሕፈት ቤቱ የተሰጠውን መመሪያ ይሠራል። ጥያቄው ለመመሪያው ነው።

ሌላው የሚዛን ጉድለት ይህ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ26 ስታንዳርዶች ላይ የቆመ የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ አለው፤ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል። በዚህ መለኪያ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ከሚጠበቅባቸው ደረጃ በታች መሆናቸውን መንግሥት ራሱ በተደጋጋሚ ገልጿል። እንግዲህ በቆላው የመንግሥት ትምህርት ቤት መስፈርቱን ሳያሟላ ይሠራል፤ የማኅበረሰቡ ዳስ ግን መስፈርቱን ስላላሟላ አይታወቅም። የመጀመሪያው እንዲዘጋ አልጠይቅም፤ ቢዘጋ ልጁ የት ይገባል? የምጠይቀው ለአንዱ የተሰጠው ትዕግሥት ለሌላውም በውል እንዲሰጥ ነው።

የቆላው ሁኔታ

የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ማዕከሉ ገንዳ ውሃ ነው፤ መተማ ዮሐንስ የድንበሩ በር፤ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ክንዶቹ ናቸው። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ እጅግ ብዙ ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ መርሐ ግብርም በድርቅ ከተጎዱ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ቋራ አመጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ ያችው በር እንደገና የስደተኛና የተመላሽ መግቢያ ሆነች። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ ልጅ እኩል እንዲታይ ደንግጓል። በራሳችን ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ መራቃቸውም በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁ አዲስ ዜና አይደለም።

በዚህ ቦታ ሕንፃን የሚያስቀድም ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይስታል። አንደኛ፣ ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፤ ቤቱ አይንቀሳቀስም። ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በመስከረም ነው። ልጁ እጁ ማሳ ላይ ሳለ ስሙ መዝገብ ላይ ይጠራል፤ አቤት ባይ ሳይኖር ይሰረዛል። ሁለተኛ፣ ጠረፍ ጦርነት የማያጣው ቦታ ነው። በ1880 የአቡ ዓንጃ ጦር ያለፈበት፣ በኅዳር 1940 እ.ኤ.አ. እንግሊዝና ጣሊያን በመድፍ የተታኮሱበት፣ ዛሬም የተኩስ ድምፅ የማይለየው ይኸው መሬት ነው። ሕንፃ ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት ከሕንፃው ጋር ይወድቃል። መምህር ላይ የቆመ ግን ከሕዝቡ ጋር ይሰደዳል፤ ከሕዝቡም ጋር ይመለሳል።

ውሉን ወደ ቦታው መመለስ

እንግዲህ ታሪክ ምን ይመክረናል? ወደ ጥንቱ እንመለስ እያልሁ አይደለም። አምስቱ ዘመናት እያንዳንዳቸው አንድ ተገቢ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ስሕተቱ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ጥያቄ ብቸኛ ጥያቄ ማድረጉ ነው። ለቆላው የሚሆን ፈቃድ በእኔ አስተያየት አምስቱንም በቅደም ተከተል ሊያነሣቸው ይገባል። ስለ አስተማሪው ምስክርነትና ስለ ልጁ ደኅንነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ድርድር ይጠይቅ። ስለ ቋንቋው ሕዝቡን ይጠይቅ። ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ግን በውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ይጻፍ፤ ሦስት ዓመት ወይም አምስት ዓመት ተብሎ። የትምህርት ዘመኑም ከአጨዳው ጋር እንዲታረቅ ወረዳው ሥልጣን ይኑረው። በጠረፍና በአርብቶ አደር አካባቢዎች የተሞከረው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ለዚህ መነሻ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚ የሚለውን አውቃለሁ፤ ለቆላ ልጅ ዝቅ ያለ መስፈርት ማውጣት ለቆላ ልጅ ዝቅ ያለ ትምህርት መስጠት ነው ይላል። ከባድ ክርክር ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። መልሴ የሚገኘው በውሉ ሁለተኛ ፈራሚ ላይ ነው። ጊዜ የተሰጠው ትምህርት ቤት መስፈርቱን እንዲያሟላ መንግሥትም በዚያው ወረቀት ላይ ግዴታውን ይፈርም፦ የመምህሩን ሥልጠና፣ መጽሐፉን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የተማሪውን የፈተና ምዝገባ። በቀነ ገደቡ ማኅበረሰቡ ድርሻውን ካልፈጸመ ፈቃዱ አይታደስ፤ መንግሥት ድርሻውን ካልፈጸመ ግን የሚዘጋው ትምህርት ቤት ሳይሆን የሚጠየቀው ጽሕፈት ቤቱ ይሁን። እንዲህ ከሆነ መስፈርቱ ዝቅ አላለም፤ ሸክሙ በሁለት ትከሻ ላይ ተከፈለ።

ወጣት ተመራማሪዎች ሆይ፤ የየወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ውድቅ የተደረጉ ማመልከቻዎች ተከማችተዋል። የተፈቀዱትን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ብዙ ሰው ጽፏል፤ ያልተፈቀዱትን የጻፈ ጥቂት ነው። አንድ ማኅበረሰብ ለልጆቹ ምን እንደተመኘ ቁልጭ ብሎ የሚገኘው በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው። ወረቀቶቹ ደግሞ ምስጥና እሳት እየቀደሙን ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲፈልግ ከዚያ ይጀምር።

 ወደ ጥያቄና ውይይት እንለፍ።